እናት ያጡ ጫጩቶችን ለታቃፊ ዶሮ ስለ መስጠት

በአገራችን ከባላገር ጎጆ እስከ ከተማ ግቢ ድረስ ዶሮ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። እንቁላሉ ለሕፃናትና ለወላድ ምግብ፥ ሥጋው ለዓመት በዓል ወጥ፥ ዋጋውም ለደብተርና ለጨው መግዣ ስለሚውል፥ ዶሮ የድኻ ቤት ሀብት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋው ገና በጫጩትነቱ ነው። ጭላት ይነጥቀዋል፤ ሸለምጥማጥ ይወስደዋል፤ ብርድ ያደርቀዋል፤ ፈንግል ይጨርሰዋል። እናቲቱ በአውሬ ወይም በበሽታ የጠፋች እንደ ሆነ ደግሞ፥ የቀሩት ጫጩቶች ዕድሜ በአንድ ሌሊት ብርድ ሊቈረጥ ይችላል።

ስለ ጫጩት መናገር የእርሻ ሠራተኞች ተግባር ነው እንጂ የጤና ጥበቃ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እናት ያጣ ጫጩት በየቤቱ የሚሞቅበትን ስፍራ ስንመረምር፥ ነገሩ የሕፃናትን ጤና በቀጥታ የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፥ ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀናት ያለፋቸውን ጫጩቶች ከታቃፊ ዶሮ ጋራ ስለ ማላመድ ዘዴና ከዚሁ ጋራ ስለ ተያያዘው የንጽሕና ጥንቃቄ እንገልጻለን። ታቃፊ ዶሮ የምንላት እንቁላል መጣሏን አቁማ፥ በመታቀፊያዋ ላይ ተዘርግታ፥ ከሥሯ እንቁላል ቢኖርም ባይኖርም አልነሣ የምትለውን ነው።

በአንድ ቤት የታየ ነገር

በክረምት መውጫ ላይ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ አንድ መምህር ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። የ8 ወር ሕፃናቸውን ተቅማጥ ይዞት ነበር። ልጁን ከመረመርሁና ኦ. አር. ኤስ. እና ዚንክ እንዴት እንደሚሰጠው ለእናቱ ካሳየሁ በኋላ፥ ከአልጋው ሥር የጫጩት ጩኸት ሰማሁ። ካርቶኑ ሲሳብ የ10 ቀን ዕድሜ ያላቸው 9 ጫጩቶች ተገኙበት። እናታቸውን ከ3 ሌሊት በፊት ሸለምጥማጥ ወስዷት ኖሯል። የቤቱ እመቤትም፥ «ብርድ እንዳይገድላቸው ብዬ ነው፤ ሲነጋ ደግሞ ሕፃኑ እንዲጫወትባቸው በምንጣፉ ላይ እለቃቸዋለሁ» አሉኝ። ያ ምንጣፍ ሕፃኑ የሚድኽበት፥ የወደቀ ቂጣ እያነሣ ወደ አፉ የሚከትበት ስፍራ ነበር፤ የጫጩቶቹም ኩስ በላዩ ይታይ ነበር።

የሕፃኑ ሕመም ከእነዚያ ጫጩቶች መምጣቱን በላቦራቶሪ አላረጋገጥሁም። ነገር ግን በዶሮና በጫጩት ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች እንደሚገኙ፥ እነዚህንም የምትሸከም ጫጩት ራሷ ምንም ሕመም ሳይታይባት ልትቀር እንደምትችል የታወቀ ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹን ከዚያ ክፍል ማውጣት የግድ ነበር።

«አውጧቸው» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ወዴት? ከጉና ተራራ የሚነፍሰው የሌሊት ብርድ ሳይነጋ በፈጃቸው ነበር። ሌላ መንገድ ሳያሳይ የሚከለክል ትእዛዝ ደግሞ አይፈጸምም፤ ሠራተኛው ከበሩ ሲወጣ ካርቶኑ ወደ አልጋው ሥር ይመለሳል። ስለዚህ ለጫጩቶቹ እናት መፈለግ አስፈለገ። እንደ ዕድል ሆኖ አንዲት ጐረቤት ባልቴት፥ እንቁላሎቿ ተበላሽተው ሳለ አልነሣ ያለች ታቃፊ ዶሮ ነበረቻቸው።

እኔ በውጭ አገር ስማር ያየሁት በኤሌክትሪክ መብራት የሚሞቀውን የጫጩት ማሳደጊያ እንጂ ይህን የመሰለውን ሥራ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ጫጩቶቹን ወስጄ በዶሮይቱ ፊት ለቀቅኋቸው። እርሷም ላባዋን ነፍታ ተነሣችና የመጀመሪያዪቱን ራሷን ወግታ ገደለቻት፤ የቀሩት 8ቱ በየማዕዘኑ ተበተኑ። ባልቴቲቱ ይህን አይተው፥ «ልጄ፥ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ሲባል አልሰማህም? በቀን ዐይኗ እያየ የባዳ ልጅ እንዴት ትቀበላለች! ሲመሽ አምጣቸው» አሉኝ። እንደ ቃላቸውም ተደረገ። በማግሥቱ ማለዳ 8ቱም ከክንፏ ሥር ራሳቸውን ብቅ ብቅ ሲያደርጉ አየሁ። ከእነዚህም አንዷን ኋላ ጭላት ነጠቃት፤ 7ቱ ላባ አውጥተው አደጉ። የባልቴቲቱ ምክር ትክክል የሆነበትን ምክንያት እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ዶሮና ጫጩት በምን ይተዋወቃሉ?

የታቃፊነት ጠባይ ከአንጐል ሥር ካለችው ዕጢ በሚመነጭ ፕሮላክቲን በሚባል ሆርሞን የሚመራ ነው። ይህ ሆርሞን በደሟ ሲበዛ ዶሮይቱ መጣል ታቆማለች፥ ምግብ ትቀንሳለች፥ ከደረቷ በታች ያለው ላባ ይሳሳል፥ ገላዋም በቀጥታ እንቁላሉን ያሞቃል። ከ21 ቀን በኋላ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ፥ ከደረቷ በታች የሚሰማት የጫጩቶች መንቀሳቀስና ድምፃቸው ከታቃፊነት ወደ እናትነት ያሸጋግራታል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናትም ልጆቿን በመልክና በድምፅ ለይታ ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ባዳ ጫጩት ታባርራለች።

በጫጩቶቹም በኩል እንዲሁ ጊዜ የተወሰነለት ነገር አለ። ዳግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጫጩቶችን ዐይናቸውን ሸፍኖ ወደ 4 ቀን ያህል ካቈያቸው በኋላ ሲገልጥላቸው፥ እርሱን እንደ መከተል ፈንታ በድንጋጤ እንደ ሸሹት ገልጿል። ከዚያ ቀደም ብለው የተገለጡት ግን ተከትለውት ነበር። ኮንራድ ሎሬንስ የተባለውም የኦስትሪያ ሊቅ ይህንኑ ጠባይ በዝይ ጫጩቶች ላይ መርምሮ በ1935 በሰፊው ጽፎበታል፤ በእንስሳት ጠባይ ላይ ስላደረገውም ምርምር በ1973 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆኗል። ከዚህ የምንማረው፥ ጫጩት እናቱን የሚያውቅበት በር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተከፍቶ ቶሎ የሚጠብ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ጫጩቶችን ማላመድ የሚያስቸግረው በሁለት ወገን ነው፤ ዶሮይቱ ባዳ ትላቸዋለች፥ እነርሱም እርሷን ይፈራሉ። ሌሊት ግን ሁለቱንም ፍርሃት ያበርደዋል። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ከስፍራዋ አትነሣም፤ የበረደው ጫጩት ደግሞ ሙቀት ወዳለበት ራሱ ይጠጋል። የዶሮ ገላ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከደረቷ በታች ሲንቀሳቀሱና ሲጮኹ ስለምትሰማቸው፥ ሲነጋ የምታያቸው እንደ እንግዳ ሳይሆን ከሥሯ እንደ ወጡ ልጆች ነው።

ስለ ዶሮይቱና ስለ ጫጩቶቹ ምርጫ

የአገራችን ዶሮ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ብቻ ብትጥልም፥ ደጋግማ የመታቀፍ ጠባይ አላት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ ከገቡት የውጭ ዘሮች አንዱ የሆነው ነጭ ሌግሆርን ግን ለእንቁላል ብዛት ተመርጦ የተራባ ስለ ሆነ፥ መታቀፍን ከሞላ ጐደል ትቶታል። ብዙ ሰዎች የአገሯን ዶሮ መታቀፍ እንደ ጥፋት በመቍጠር፥ እንድትተው ቍልቍል ይሰቅሏታል፥ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ያሳልፉባታል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ያን ጠባይዋን እናት ላጡት ጫጩቶች መድኃኒት አድርጎ መጠቀም ይሻላል።

የምትመረጠው ዶሮ ከዚህ ቀደም ጫጩት ያሳደገች፥ ጤነኛ፥ በመታቀፊያዋም ላይ ብዙ ቀን የጸናች ትሁን። እጅ ከሥሯ ሲገባ ላባዋን ነፍታ እያጕረመረመች ከስፍራዋ የማትነሣ ከሆነ እውነተኛ ታቃፊ ናት፤ ዘላ የምትሸሽ ከሆነ ገና አልደረሰችም። በእነዚያው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ የራሷን ጫጩቶች የፈለፈለችም ትሆናለች። ልጆቿን ይዛ ሳምንታት የሰነበተችው ግን ባዳን አትቀበልምና አትሞከር።

ጫጩቶቹ ከ3 ቀን በታች ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው። እስከ 2 ሳምንት ድረስ በትዕግሥት ይሆናል። ከ3 ሳምንት ካለፈ መሳካቱ ያጠራጥራል፤ 5 ወይም 6 ሳምንት ሞልቷቸው ላባ የለበሱት ግን የእናት ሙቀት ስለማያስፈልጋቸው በደረቅ ቤት ብቻቸውን ሊያድሩ ይችላሉ። ደግሞም እናታቸው የሞተችባቸው ጫጩቶች የዶሮን ጥሪ ስለሚያውቁ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በመኪና የተፈለፈሉት ግን ዶሮ አይተው ስለማያውቁ ይዘገያሉ። በመጠን ረገድ፥ አንዲት የአገር ዶሮ የተፈለፈሉ ዕለት ከ10 እስከ 12 ጫጩቶች ብትሸፍን፥ የ2 ሳምንቶቹን ግን ከ6 እስከ 8 ባይበልጡ ይመረጣል። ከክንፏ ውጭ የሚያድር ጫጩት እናት እንደሌለው ይቈጠራልና።

የማላመዱ ሥራ በተራ

አንደኛ፤ ከሰው መኝታ ቤት የተለየ፥ ነፋስና ዝናብ የማይገባበት፥ አይጥና ሸለምጥማጥ የማያልፉት ትንሽ የዶሮ ቤት ይዘጋጅ። መሬቱ ላይ ደረቅ ገለባ ይነጠፍ። ቅንቅን እንዳይፈጃቸው ዶሮይቱ የምትንከባለልበት ደረቅ አመድ በአንድ ጥግ ይደረግላት። ወደዚህም ቤት ከ1 ቀን በፊት፥ በሌሊት፥ ከነመታቀፊያዋ ትዛወር።

ሁለተኛ፤ ፈጽሞ ከመሸ በኋላ፥ ብርሃኑ በጨርቅ የተሸፈነ ባትሪ በመያዝ ያለ ጫጫታ ይገባል። ከሥሯ አንድ እንቁላል በማውጣት በስፍራው አንዲት ጫጩት ከኋላ በኩል በክንፏ ሥር ይገባል። ከዚያ ጥቂት ይቈያል። ዶሮይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቁር ቁር ካለችና ክንፏን ካደላደለች ተቀብላለች ማለት ስለ ሆነ፥ የቀሩት አንድ በአንድ ይጨመራሉ። በዕድሜ ያነሱ ጫጩቶች ካሉ እነርሱ ይቅደሙ፤ የእነርሱ ድምፅ የእናትነቷን ጠባይ ያነቃቃል፥ ትልልቆቹም እነርሱን አይተው ወደ ሙቀቱ መግባትን ይማራሉ።

ሦስተኛ፤ ጎሕ ሲቀድ ባለቤቱ በስፍራው ይገኝ። ከሁሉ የሚያሠጋው ይህ ሰዓት ነው። ቀለል ያለ ጕንተላ ተግሣጽ ስለ ሆነ አያስደነግጥም። ራስ ራሳቸውን አጥብቃ የምትወጋቸውና የምታሳድዳቸው ከሆነ ግን፥ ሳይዘገዩ አውጥቶ በሌላ ሙቅ ስፍራ በማዋል በማታው ደግሞ መሞከር ነው። እስከ 3 ሌሊት ተሞክሮ እምቢ ካለች ይተው።

አራተኛ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ከቤቱ አይውጡ። ዶሮይቱ ጥሬ አግኝታ ስትጠራቸው እየሮጡ ሲመጡ፥ ሲበርዳቸውም ራሳቸው ከክንፏ ሥር ሲገቡ ከታዩ ማላመዱ ተፈጽሟል። ምግባቸው በደቃቁ የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ ከጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጋራ ይሁን። ውኃው በዝርግ ሳሕን፥ እንዳይሰጥሙበት ጠጠር ተደርጐበት፥ በየቀኑ እየተለወጠ ይቅረብ።

ከበሽታ ስለ መጠበቅ

ከገበያ የተገዙ ጫጩቶች ፈንግልን ወይም ደም የተቀላቀለበትን ተቅማጥ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ለብቻቸው 2 ሳምንት ይቈዩ ብንል የመላመጃው ጊዜ ያልፍባቸዋል። ስለዚህ የሚሻለው ዶሮይቱንና ጫጩቶቹን አንድ ላይ ከሌሎቹ ዶሮዎች ለይቶ 14 ቀን ማቈየት ነው። በሽታ ቢገኝ እንኳ ጕዳቱ በዚያች ቤት ብቻ ይወሰናል። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ስለሚመረት፥ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ለሰዎች ጤና ደግሞ ከዚህ የሚከተለው አይዘንጋ። ዶሮም ሆነ ጫጩት ሰው በሚተኛበትና ምግብ በሚሠራበት ክፍል አይደር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ አንድ ጥናት፥ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፥ ዶሮዎቹ በመኖሪያው ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አመልክቷል። እንግዲህ ጕዳቱ በዶሮ ማርባት አይደለም፤ ከዶሮ ጋራ አብሮ በማደር ነው። ኩሱ በየቀኑ ተጠርጎ በጕድጓድ ይቀበር ወይም ለጓሮ ማዳበሪያ ይከማች። ጫጩት የነካ እጅ ሁሉ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ሕፃናትም ጫጩት ከመሳምና ከጕንጫቸው ላይ ከማድረግ ይከልከሉ። የሞተ ጫጩት በመንገድ አይጣል፤ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

ዶሮይቱ እምቢ ያለች እንደ ሆነ

ታቃፊ ባይገኝ ወይም ባትቀበል፥ ሳጥን እናት ሊሆን ይችላል። የጅማ እርሻ ኮሌጅ ሊቃውንት ሞክረው ያስተዋወቁት ዘዴ፥ ዙሪያውን በድርቆሽ የታጨቀ ሳጥን ሠርቶ ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት እንዲያድሩ ማድረግ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሻል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ለሌለው ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሩታል፤ ተጨናንቀው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው በጸጥታ ከተኙ ደኅና ናቸው። ይህም ሳጥን ቢሆን የአየር መግቢያ ያለው ይሁን፤ ስፍራውም ከሰው መኝታ ውጭ ይሁን። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ከእነርሱ ጋራ ማደር ግን ጢሱ ሰውንም ጫጩትንም የሚገድል ስለ ሆነ ፈጽሞ አይደረግ።

ለመምህራን የቀረበ ማሳሰቢያ

መምህራን ይህን ነገር ለትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዶሮ የታቀፈችበትን ቀን፥ የ21ኛውን ቀን መፈልፈል፥ የማላመዱን ሌሊትና የማግሥቱን ጠባይ ተማሪዎች በደብተራቸው እየመዘገቡ ቢከታተሉ፥ ስለ ሆርሞን፥ ስለ ሙቀትና ስለ ተላላፊ በሽታ ከመጽሐፍ የሚያነቡትን በዐይናቸው ያዩታል። ልጅ በትምህርት ቤት ያየውን ለእናቱ ይነግራልና፥ ምክሩ እኛ ወደማንደርስበት ቤት ይገባል። ትምህርቱም በእጅ መታጠብ ተጀምሮ በእጅ መታጠብ ይፈጸም።

ያ ሕፃን ድኗል። እናቱም ካርቶኑን አቃጥለው፥ መምህሩ በጓሮ በኩል ከጭቃና ከእንጨት ትንሽ የዶሮ ቤት ሠርተዋል። በዚህም ሥራ የወጣው ወጪ ጥቂት ሚስማርና የአንድ ቅዳሜ ድካም ብቻ ነበር። አንባቢያን ሁሉ በየቤታቸው የጫጩቶችን ማደሪያ ተመልክተው፥ ለጫጩት የዶሮን ክንፍ፥ ለሕፃን ንጹሕ አልጋን ለይተው እንዲያዘጋጁ በአክብሮት እናሳስባለን።